በተሳሳተ ደጅ የቆመ መርዶ

የአዳም ልጅ ከምድር ዐፈር ተበጅቶ ወደ ምድር ዐፈር እስኪመለስ ድረስ ከሚደርሱት ዕጣዎች ሁሉ፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ እንደ ኀዘን ለሁሉ የታደለ፣ እንደ ኀዘንም ለእያንዳንዱ ብቻ የተሰጠ የሚመስል ዕጣ የለም፤ ንጉሥ በዙፋኑ፣ ባሕታዊ በበዓቱ፣ አራሽ በማሳው፣ ባልቴት በምድጃዋ ዳር ይቀምሱታል፤ ጽዋው አንድ ሲሆን ምሬቱን ግን ቀማሹ ለጎረቤቱ የሚያስረዳበት ቃል አያገኝም። ቀደምት አበውም ይህን ዐውቀው፣ መድኀኒት ቢያጡለት ሥርዐት አበጁለት፤ መርዶ በማለዳ እንዲነገር፣ ለቅሶ በአደባባይ እንዲወጣ፣ ፍትሐት በስም እንዲደረስ፣ በአርባውም ቀን ተዝካር እንዲበላ ደነገጉ። ይህ ሁሉ ሙትን ከመቃብር አያስነሣም፤ ነገር ግን በገደል አፋፍ እንደ ታጠረ አጥር፣ ቋሚው የሙቱን ፍለጋ ተከትሎ እንዳይወድቅ ይከለክለዋል። ታዲያ አጥሩ በሌላ ሰው ገደል ላይ ታጥሮ፣ የራሷ ገደል እንደ ተከፈተ የቀረባት እናት ምን ትሁን? የደብሪቱ ነገር ይህ ነው፤ እርሱንም ፈጣሪ እንደ ረዳን መጠን እንተርካለን።

በዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ ገደማ፣ ከዓባይ ወዲህ በበጌምድር አገር፣ ጽጌ አምባ በምትባል ነፋሻና ጭጋጋማ መንደር፣ በኪዳነ ምሕረት አጥቢያ፣ ደብሪቱና ስኂን የሚባሉ ሁለት ሴቶች ቅጥር ለቅጥር ተጠጋግተው፣ እሳት ተጫጭረውና ወንፊት ተዋውሰው ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ባሎቻቸውን በመሳፍንቱ ዘመቻ ያጡ፣ ሁለቱም አንዳንድ ወንድ ልጅ የቀራቸው ነበሩ፤ እነዚያም ልጆች በአንድ የኅዳር ቀን የተወለዱ ናቸውና፣ አንዲት አዋላጅ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት በቅጥሩ ሽንቁር እየሾለከች ሁለቱንም ስታዋልድ እንደ ዋለች በመንደሩ እየተሣቀ ይነገር ነበር። የደብሪቱ ልጅ አድማሱ፣ የስኂን ልጅ ታፈረ ተባሉ። ክርስትና ሲነሡ ያጠመቋቸው ሸምገል ያሉ ካህን ዕለቱ የአማኑኤል በዓል ነበርና ሁለቱንም ሕፃናት ወልደ አማኑኤል ብለው ሰየሟቸው፤ ስሙንም ለእያንዳንዷ እናት ለብቻዋ በጆሮዋ ነገሯት፤ ለአንዲቱ የነገሩትን ለሌላይቱ አልገለጹም፤ ዓመት ሳይሞላም ምሥጢሩን ይዘው ዐረፉ። ስመ ክርስትና በዚያ አገር እንደ ዕንቍ የሚሸሸግ ነው፤ ክፉ ሰው ስሙን ይዞ ያስደግምበታል፣ ነፍሱንም ያስርበታል ተብሎ ስለሚፈራ፣ እናት ከነፍስ አባቷ በቀር ለማንም አትነግርም። ስኂን ልቧ እንደ አደባባይ የተገለጠ ሴት ነበረችና ለአዲሱ ካህን ለመምሬ ሣህሉ፣ በጸሎትዎ አይርሱብኝ፣ ብላ የልጇን ስም ነገረቻቸው። ደብሪቱ ግን ከጥላዋ እንኳ የምትጠነቀቅ ስለ ነበረች፣ ካህኑ በጠየቋት ጊዜ፣ ልጄን የፈጠረው ያውቀዋል አባቴ፣ ብላ በትሕትና አለፈቻቸው፤ እርሳቸውም አላስጨነቋትም። የሚከተለው መከራ ሁሉ ከዚህች ጥቂት ጥንቃቄ ተወለደ።

ልጆቹ ጢማቸው ማቈጥቈጥ ሲጀምር፣ አንዱ ያለ ሌላው ውሃ የማይሻገር ነበሩና፣ ለምድ ለብሰው አኩፋዳ አንግተው፣ ቅኔ ሊቈጥሩ ከዓባይ ማዶ ወዳለ አንድ የታወቀ መምህር አብረው ሄዱ። ሁለት በጋ ደኅንነታቸው በነጋዴና በመንገደኛ አፍ ሲሰማ ቈየ። በሦስተኛው ዓመት፣ ሰኔ ማጕረምረም ሲጀምር፣ ወደ ዋልድባ የሚያልፉ አንድ መነኵሴ በጽጌ አምባ ዐድረው፣ ከኪዳን ጸሎት በኋላ መምሬ ሣህሉን ወደ ወይራው ጥላ ገለል አድርገው መልእክት አደረሱ፤ የማዶው መምህር፣ የአጥቢያችሁን ልጅ ወልደ አማኑኤልን ንዳድ ስለ ገደለብን በጸሎት አስቡልን፣ ብለው እንደ ላኳቸው ተናገሩ። ለሙት የሚጸለየው በክርስትና ስሙ ነውና መምህሩ ሌላ ስም አልጨመሩም፤ መነኵሴውም ልጆቹን በመልክ አያውቋቸውም፤ ወንዞች ሳይሞሉ ልለፍ ብለው በዚያው ማለዳ መንገዳቸውን ቀጠሉ። መምሬ ሣህሉም በአጥቢያው ውስጥ ወልደ አማኑኤል ማን እንደ ሆነ መርምሩ ቢባሉ በሣቁ ነበር፤ በየዕለቱ በጸሎት የሚያስቡት ስም አይደለምን? ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወይኔ የስኂን ልጅ፣ አሉ።

በዚያ አገር መርዶ እንደ ወሬ በመንገድ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች በዋዜማው ይመክራሉ፣ ለባለ ኀዘኗ ከሁሉ የምትቀርበውንም ሴት ለይተው፣ ዋይታው ሲነሣ ወገቧን ይዛ ከመሬት እንዳትፈጠፈጥ እንድትጠብቃት አደራ ይሏታል። ለስኂን ከደብሪቱ የሚቀርባት አልነበረምና ደብሪቱን ጠርተው ነገሯት። እርሷም በነጠላዋ አፏን አፍና ተንሰቀሰቀች፤ ስኂን በታመመች ጊዜ ከራሷ ልጅ ጋር ጡቷን ላጠባችው ለታፈረ እውነተኛ ዕንባ አነባች፤ ነገር ግን ከዚያ እውነተኛ ዕንባ ሥር፣ ማንም ሳይጠራት፣ የእኔ አይደለም ተመስገን፣ የምትል ቃል ብቅ ብላ ተመልሳ ተሸሸገች። በማለዳ፣ ፀሓይ ሳትወጣ፣ የመንደሩ ሰው በስኂን ደጅ መሬት ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ጠበቃት። ስኂን ውሃ ልትቀዳ እንስራዋን አዝላ መዝጊያውን ገፍታ ስትወጣ አየቻቸው፤ ዝምታው ራሱ ነገራት፤ የቀረው የስሙ ነገር ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹን አልፋ ዐይኗን በጎረቤቷ ላይ አሳረፈች።

«ደብሪቱ፣ አንቺ ንገሪኝ» አለቻት።

«ታፈረ ነው እኅቴ። ታፈረን ንዳድ ወሰደብን።»

እንስራው ወድቆ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጅ የቀበረች ታውቀዋለች፣ ላልቀበረች ቢነግሯት አይገባትም። በማግስቱም በኪዳነ ምሕረት ፍትሐት ተደረገ። ሬሳው ከዓባይ ማዶ ስለ ቀረ፣ ታፈረ ትቶት የሄደው እጀ ጠባብ በሬሳው ምትክ በአልጋ ላይ ተዘረጋ። ደብሪቱ በሴቶች መግቢያ በኩል ስኂንን ከወገቧ ደግፋ ቆማ ሳለች፣ መምሬ ሣህሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ለነፍሰ ገብርከ ወልደ አማኑኤል፣ ብለው ስሙን ጠሩ። ያን ስም ደብሪቱ ከዘመድ ሸሽጋ፣ ከነፍስ አባቷ ሸሽጋ፣ በእንቅልፏ እንኳ እንዳይወጣባት እየፈራች፣ በልቧ ማኅደር ያኖረችው ስም ነበር፤ አሁን በካህን አፍ፣ በሙት ጸሎት ውስጥ፣ በአደባባይ ተጠራ። በስኂን ትከሻ ላይ ተንጠለጠለች። ሰውም ስኂንን ደጋፊ እርሷ መስላው ነበርና፣ ለጥቂት ጊዜ ማን ማንን እንደ ደገፈ አልታወቀም። በዚያች ቅጽበት ሁሉን ዐወቀች፤ ካህኑ ያላቸው አንድ ስም እንደ ሆነ፣ ያ ስም ግን የሁለት ልጆች እንደ ሆነ፣ መልእክቱም ከሁለቱ የማንኛቸው እንደ ሆነ ከእርሷ በቀር የሚጠራጠር በጽጌ አምባ እንደሌለ ዐወቀች። አፏን ብትከፍት ፍትሐቱ ይቆም ነበር። አፏን ብትከፍት ግን ሞት ከስኂን ደጅ ተነሥቶ በሁለቱ ቅጥር መካከል ይቆም፣ ወዲያና ወዲህም ይመለከት ነበር። እኔ ዝም ካልሁ ልጄ አለ፣ አለች በልቧ፤ ዝምም አለች።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ቀናት በሰው ዐይን ሲታዩ የፍጹም ጉርብትና፣ የእውነተኛም እኅትነት ቀናት ነበሩ። ደብሪቱ የስኂንን ጠጕር በገዛ እጇ በምላጭ ላጨችላት፤ ፊቷን ስትነጭ እጇን ያዘችላት፤ ጕሮሮዋ እህል አልቀበል ሲል አጥሚት እያማሰለች በአፏ አደረገችላት። ለቀስተኛ ሲመጣ ተቀባይዋ፣ ሲሄድ ሸኚዋ እርሷ ነበረች። ሰው ሁሉ፣ እንዲህ ያለች ጎረቤት ይስጠን፣ ይል ነበር፤ እርሷ ግን ምስጋናውን ስትሰማ እሬት እንደ ዋጠ ሰው ፊቷን ታዞር ነበር። ወደ ቤቷ ስትመለስ እንዝርቷን አንሥታ ለአድማሱ ጋቢ የሚሆን ፈትል ትፈትላለች፤ ፈትሉም በበዛ መጠን ልጁ በሕይወት መኖሩ የሚጸና ይመስላት ነበር። ዓባይ ሞልቶ ከማዶ የሚመጣ ሰው አልነበረምና፣ ክረምቱ እንዳይወጣ የምትለምን ብቸኛ ሴት በበጌምድር እርሷ ሳትሆን አትቀርም። ልመናዋም ራሷን ያስፈራት ነበር፤ እመቤቴ ሆይ፣ ትላለች፣ የእኔን አትርፊልኝ፤ ከዚያ የሚከተለውን ቃል ግን፣ የስኂን ይሁን የሚለውን፣ በከንፈሯ አታወጣውም፤ ነገር ግን ልመናዋ ወዴት እንደሚያመራ እርሷም፣ የምትለምናትም ያውቁት ነበር። አንድ ቀን ስኂን ራሷን በደብሪቱ ጕልበት ላይ አሳርፋ፣ ደብርዬ፣ አንቺ ባትኖሪ አብሬው በተቀበርሁ ነበር፤ ያንቺ ሲመጣ የኔን የመጨረሻ ቃል ይነግረኛል፣ እሱን እየጠበቅሁ ነው የምኖረው፣ ስትላት፣ ደብሪቱ የተላጨውን ራስ በመዳፏ ስትዳብስ ዕንባዋ በስኂን ግንባር ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ያ ዕንባ ስለ ማን እንደ ፈሰሰ እግዚአብሔር ይወቀው።

አርባው በክረምቱ ብርታት ተዝካር ሳይበላበት አልፎ፣ በመስከረም ማብቂያ ዝናቡ ቀልሎ ዓባይም መሻገሪያ በሰጠ ጊዜ፣ በስኂን ቅጥር ዳስ ተጣለ፤ ካህናቱ በላይ፣ ነዳያን በታች፣ ሽማግሌው በመካከል ተቀምጦ የተዝካሩ እህልና ጠላ ሲቀርብ፣ አንድ የከሳ፣ ዐይኑ የጎደጎደ፣ በበትር የሚደገፍ ተማሪ በቅጥሩ በር ገብቶ ቆመ። ሸክላ የያዘችው ሴት ከእነ ሸክላዋ ደንዝዛ ቀረች፤ ከነዳያኑ አንዱ አማትቦ ሸሸ። ታፈረ ነበር። ስኂን ያሰማችው ድምፅ እልልታ ይሁን ዋይታ ያልለየለት ነበር፤ ልጇን አንገቱን ዐንቃ ስትስም፣ ስትዳስስ፣ ጣቶቹን ስትቈጥር፣ ሰው ሁሉ ፍርሃቱ ለቀቀውና ጨዋታ ዐዋቂው ሽማግሌ አያ ፈንታ፣ ታፈረ ልጄ፣ ሰው ሁሉ ከገዛ ተዝካሩ ሲቀር አንተ ደረስህበት፤ ለነፍስህ ብለን አንዱን ጋን ጨርሰንልሃል፣ ድርሻህን ከሁለተኛው ጠጣ፣ ቢለው ዳሱ በሣቅ ተናወጠ። ታፈረ ግን አልሣቀም። ከእናቱ እጅ ቀስ ብሎ ወጥቶ፣ በሣቁ መካከል ዳሱን በዐይኑ ሲፈልግ ቈይቶ፣ በምሰሶው አጠገብ መሶብ እንደ ታቀፈች የቆመችውን ሴት አገኘ፤ ሄዶም በእግሯ ሥር ወደቀ። ሣቁ እንደ ተቈረጠ ገመድ ጠፋ።

«አውቃለሁ ልጄ፤ ተነሥ» አለችው ደብሪቱ።

ይህችን ቃል ዳሱ ሁሉ ሰማት። ስኂንም ሰማቻት፤ ደስታው ገና ፊቷ ላይ ሳለ ወደ ጎረቤቷ ቀረበች።

«ከመቼ ወዲህ ነው የምታውቂው?»

«ከፍትሐቱ ዕለት። የተጠራው ስም የልጄም ስም ነው።»

«ይህን ሁሉ ቀን ዐይን ዐይኔን አየሽኝ» አለች ስኂን። ልጇን በእጁ ይዛ ወደ ቤቷ ገባች፤ ተዝካርተኛውም አንድ አንድ እያለ፣ ደብሪቱን ቀና ብሎ ሳያይ፣ ለማን ማዘን ከማንስ ጋር መደሰት እንዳለበት ሳይገባው ተበተነ።

በቀጠለው እሑድ ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተሰብስበው ስለ ነገሩ መከሩ። መምሬ ሣህሉ ከሁሉ አስቀድመው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ፣ ያልመረመርሁ እኔ ነኝ አሉ፤ ነገር ግን ጸሎቱ ስሙን ይዞ ወጥቷልና በሰማይ ደጅ መሳሳት የለም፣ አንድን ሙት ሁለት ጊዜ መፍታትም ሥርዐት አይደለም፣ ብለው ተናገሩ። ሽማግሌዎቹም፣ ፍትሐቱ ከተደረገ፣ ተዝካሩም ከተበላ፣ ለቅሶውስ መቼ ቀረ፤ ተለቅሷል፣ አሉ። እንዲህ ብለው ሲፈርዱ ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከፊሉ ዐፍሮ፣ ከፊሉ ተቈጥቶ፣ ሁሉም ወደ ደብሪቱ ደጅ የሚያስኬድ እግር አጥቶ ነበር። በምላሷ የታወቀችው ይመኙሻል ግን በወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ፣ ደብሪቱ ለቅሶዋን እንደ ሙቀጫ ለጎረቤት አዋሰች፤ ዛሬ መልሱልኝ ብትል ተወቅጦበት አልቋል፣ አለች፤ ቃሉም ሴቶቹን አሥቆ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ ወደ ባለቤቲቱ ጆሮ ደረሰ። ደብሪቱ ሰምታ፣ እውነቷን ነው፣ አለች እንጂ አልተቀየመችም።

እነሆ፣ አንባቢ ሆይ፣ ልጇ የሞተባት፣ ነገር ግን መርዶ ያልተነገራት፣ ለቀስተኛ ያልመጣላት፣ እግዜር ያጥናሽ የሚላት ያጣች፣ ጠጕሯን እንኳ ለመላጨት ፈቃድ የሌላት የምትመስል ሴት በቤቷ ተቀመጠች። ዕንባዋ ነጠፈ፤ ለሌላ ሰው ስታለቅስ እንደ ምንጭ የፈሰሰው፣ ለራሷ በፈለገችው ጊዜ እንደ በጋ ጅረት ድንጋይ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ቅጥሩን ግን አልፋ አትገባም፤ በውጭ ግንቡን ተደግፋ፣ እመቤቴ፣ አንቺስ የልጅሽን ሞት ከመስቀሉ ሥር ቆመሽ በዐይንሽ አየሽ፤ እኔ ፊቴን አዞርሁበት፤ በምን ፊቴ አማልጂኝ ልበልሽ፣ እያለች ትቆማለች። ታፈረ እናቱ ሳታየው፣ ወይም አይታ እንዳላየች ስታልፈው፣ በየማለዳው እንጨት ፈልጦ ውሃ ቀድቶ ያመጣላት ነበር፤ ከደጃፉም ተቀምጦ ሊነግራት የሚጨነቅበትን ነገር ለመጀመር ከንፈሩን ያላውሳል። እርሷ ግን ስለ ከብቱ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ውርጩ ትጠይቀዋለች እንጂ ስለዚያ አትጠይቀውም፤ አድማሱ የሚል ቃል ሲጀምር፣ ልጄ ፀሓዩ ሳይበረታ ወደ ሥራህ ሂድ፣ ትለዋለች። እንዲህ ሆና ጥቅምትና ኅዳር አለፉ፤ ሥጋዋ አለቀ፣ ነፍሷም በሥጋዋ ውስጥ እንደ ተዘጋበት ሰው ነበረች፤ ያዩዋት ሁሉ፣ ይህች ሴት ፋሲካን አትደርስም፣ ይሉ ጀመር።

በታኅሣሥ፣ መንደሩ ሁሉ በአውድማ ሳለ፣ በጠራራ ፀሓይ፣ ስኂን በቅጥሩ ሽንቁር በኩል መጣች። ጠጕሯ እንደ ገብስ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሎ ነበር፤ በጕንጮቿም ላይ በጥፍሯ የነጨችው ጠባሳ ገና ይታይ ነበር። ደብሪቱ ከመደቡ ልትነሣ ብትል በእጇ ምልክት አስቀመጠቻት።

«ልታረቅሽ አይደለም የመጣሁት።»

«ቢሆንም እንኳን መጣሽ።»

«ዝም ብለሽ ስሚኝ። ፊቴን ነጭቼ፣ ራሴን ተላጭቼ፣ አንጀቴ እስኪበጠስ ያለቀስሁት ታፈረን እያሰብሁ ነው። የታፈረን ሣቅ፣ የታፈረን አረማመድ እየጠራሁ ነው ያለቀስሁት። አድማሱን ማንም አላለቀሰውም። እናት እያለችው እንደ ወፍ ዘራሽ ቀረ። በአንቺ ብናደድ ተናደድሁ፣ ጸጸቱም ያንቺው ነው፤ ልጁ ግን ምን አደረገ?»

«በምን ፊቴ ላልቅስ እኅቴ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል» አለች ስኂን። ከዚያም በፊቷ በመሬቱ ላይ ተቀመጠችና ሁለቱን እጆቿን ያዘቻት፤ የያዘቻት እንደ ወዳጅ ሳይሆን ልትወድቅ ያለችን ሴት እንደሚይዙ ጠበቅ አድርጋ ነበር። «ያን ማለዳ ለእኔ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ላንቺ ግን እስከ ዛሬ የነገረሽ የለም፤ እኔም ቂሜን ይዤ ተውሁሽ። እንግዲህ እኔ ልንገርሽ። ደብሪቱ፣ ልጅሽ ሞቷል። አድማሱ ሞቷል።»

ደብሪቱ ይህን ታውቀው ነበር፤ ከፍትሐቱ ዕለት ጀምራ ታውቀው ነበር፤ ነገር ግን ማወቅ ሌላ ነው፣ መባል ሌላ ነው። ቃሉ ከሰው አፍ ወጥቶ ወደ ጆሮዋ በገባ ጊዜ፣ በአንጀቷ ውስጥ የተከመረው ድንጋይ ከሥሩ ተናደ፤ የጮኸችውም ጩኸት በአውድማው የነበሩትን በሬዎች አስደነበረ። ቀሚሷን ቀድዳ ወደ ደጅ ወጣች፤ ስኂን ወገቧን እንደ ያዘች፣ ደብሪቱ እንዲህ ብላ ገጠመች፤

እሳቱ ከቤቴ፣ ጭሱ ከጎረቤት፣
ሰው ሲያለቅስልህ እኔ ስደበቅበት።

ስምህን ሸሸግሁት ሞት እንዳያይብኝ፣
ሞትማ አየብኝ፣ ዕንባ ነው የጠፋብኝ።

በዚያ አገር ዋይታ ሰምቶ በሥራው የሚቀጥል ሰው የለም፤ ሥርዐቱ ከሽማግሌዎች ፍርድም፣ ከሰው ቂምም ይበልጣል። ነዶውን ጥሎ፣ መንሹን ተክሎ፣ መንደሩ ሁሉ ወደ ደብሪቱ ደጅ ጐረፈ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ይመኙሻል ነበረች፤ ያን ምላሷን በለቅሶ ላይ ስታውለው ከእርሷ የሚበልጥ አልቃሽ አልነበረምና፣ የእናቲቱን ግጥም ተቀብላ፣ ደረቷን እየመታች፣ አድማሱን ከልጅነቱ ጀምራ፣ የወጣበትን ዛፍ፣ የዋኘበትን ወንዝ፣ የጠበቀውን ማሳ እየጠራች ሰውን ሁሉ አስለቀሰች። አያ ፈንታ ነጠላውን በወገቡ አሸርጦ በቅጥሩ ሥር ቆመ፤ የዕድሜውን ቀልድ ሁሉ ያለቀሰበት የመሰለ ለቅሶ አለቀሰ። መምሬ ሣህሉም መጡ፤ በሕዝቡ ፊት ከደብሪቱ እግር አጠገብ ጐንበስ ብለው፣ ይቅር በይኝ ልጄ፣ አሏት፤ እርሷም መስቀላቸውን ተሳልማ፣ እኔ ነኝ አባቴን ያሳትሁ፣ አለቻቸው።

ሰው ሲበተን፣ ታፈረ ቀርቦ ያ ሁሉ ወራት ሊነግራት ያልቻለውን ነገራት፤ አሁን አላባረረችውም። ንዳዱ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ይዟቸው፣ በአንዲት የሣር ጎጆ ተኝተው ነበር፤ አድማሱ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ያለ እርዳታ አሳምሮ የተቀኘበት፣ መምህሩም በተማሪው ሁሉ ፊት ያመሰገኑት በዚያው ሰሞን ስለ ነበር፣ በትኵሳቱ መካከል እንኳ ያችን ቅኔ እየደጋገመ ይሥቅ ነበር። መጨረሻው ሲቃረብ ራሱ በታፈረ ጕልበት ላይ ነበር፤ ስለ ነፍሱ የሚናዘዘውን ከተናዘዘ በኋላ፣ እናቴ ፈሪ ናት፣ ቀስ ብላችሁ ንገሯት፣ ብሎ ዐረፈ። ታፈረ ራሱ በትኵሳት ወድቆ መልእክቱ በመምህሩ በኩል ስለ ተላከ፣ ያችን አደራ የሚያደርስ ሰው አልነበረም። ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ጮኻ አላለቀሰችም፤ ቀስ ብላችሁ ብሎ ነበር፣ ቀስ ብላችሁ ብሎ ነበር፣ እያለች እንደ ሕፃን ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች፤ ስኂንም አብራት ተወዛወዘች።

ከዚያ በኋላ የደብሪቱ ኀዘን ተፈወሰ ብንል እንዋሻለን፤ ልጅን የመሰለ ነገር ከሥጋ ተቈርጦ ቦታው የሚሞላበት አገር በዚህች ምድር ላይ የለም። ነገር ግን እህል በጕሮሮዋ ወረደ፣ እንቅልፍም ጐበኛት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርም ገባች። ስኂን ይቅር ብዬሻለሁ ያለችበት ቀን አይታወቅም፤ በመጀመሪያው ዓመት መጥታ ሳትናገር ትቀመጥና ሳትናገር ትሄድ ነበር፤ በሁለተኛው እሳት መጫጫር ጀመሩ፤ በሌላው ደግሞ አንድ ማለዳ የጎረቤት አውራ ዶሮ ከሽሮ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ባለ ጊዜ፣ ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ ሣቁ፤ ሣቁን ሰምቶ ታፈረ ከደጅ ቆሞ አማተበ። አንዳንድ ጊዜም ስኂን ድንገት ትቀዘቅዛለች፣ ጠባሳዋን በጣቷ ትዳስሳለች፤ በዚያን ቀን ደብሪቱ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትሠራለች። የጽጌ አምባ እናቶችም የልጆቻቸውን ስመ ክርስትና ከነፍስ አባት በቀር ለአንዲት ጎረቤት እንዲነግሩ በመካከላቸው ስምምነት አደረጉ። ደብሪቱ እስክታረጅ ድረስ በየማለዳው ደጇን ስትጠርግ የልጇን ሁለቱን ስሞች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠራ ነበር፤ መንገደኛ ቢሰማም አትደነግጥም፤ ዕንባዋም ከመጣ ይመጣል፣ ካልመጣም አትፈልገውም፤ ኀዘን በስሙ እስኪጠሩት ድረስ በደጅ ቆሞ ቤቱን የሚያናውጥ ባዕድ ነውና፣ ጠርተው ያስገቡት ዕለት ግን፣ እስከ መቃብር ከቤት ባይወጣም፣ እንደ ቤተ ሰብ መቀመጥን ይማራል።